ሳልድን የመሰከርኩት ፈውስ

እኔ ሮቤ ውስጥ የብረት በርና መስኮት የምሠራ በያጅ ነኝ። እሑድ እሑድ ደግሞ በቤተ ክርስቲያናችን የወጣቶችን የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት አስተምራለሁ፤ ፓስተራችን መንገድ ሲሄዱም መድረክ ላይ እቆማለሁ። የሚያውቁኝ ሁሉ በአንድ ነገር ያውቁኛል፦ ካየሁት ነገር ሁሉ ትምህርት አወጣለሁ። እርጥበት የገባበት የብየዳ ኤሌክትሮድ እሳት አይዝም፤ ፀሐይ ላይ ማድረቅ ያስፈልጋል፤ ከዚህ ስለ ጸሎት ሕይወት አስተምሬአለሁ። የጋሪ ፈረስ ዓይኑን ግራና ቀኝ በቆዳ ተጋርዶ ሲሄድ አይቼ አንድ ሙሉ ስብከት ሰብኬአለሁ። ባለቤቴ ጫልቱ «ደሬ ሚስማር ቢረግጥ፣ ሚስማሩን ከመንቀሉ በፊት ሦስት ነጥብ ያወጣለታል» እያለች ታሾፍብኛለች።

ልክ ናት። ይህን ልማዴን ዛሬም አልተውኩትም፤ እግዚአብሔር በተራ ነገር ውስጥ እንደሚናገር አምናለሁ። ነገር ግን ትምህርት ለማውጣት መቸኮል ሰው ሊገድል እንደሚችል ያወቅሁት በራሴ ሕመም ነው። ያመመኝን ለብዙ ጊዜ ለመጻፍ አልደፈርኩም። አሁን የምጽፈው ጎባ ያለችው ሐኪም «ከእንግዲህ ጨርሰዋል» ካለችኝ በኋላ ነው።

ነገሩ የጀመረው ጎሮ ነው። የጫልቱ ታላቅ ወንድም ገመቹ ከጎሮ ከተማ ወጣ ብሎ ያርሳል፤ ከብትም ያረባል። በዚያ ሰሞን ሁለት ላሞቹ ተከታትለው ጨንግፈውበት ስለነበር ልናጽናናው ሄድን። ለከብት ሰው ይጽናናል ወይ ብሎ የሚስቅ ካለ ከብት አርብቶ የማያውቅ ነው። የገመቹ ሚስት ከሌላዋ ላም ያለበችውን ትኩስ ወተት፣ በጭስ በታጠነ ጮጮ ሙሉ አድርጋ አቀረበችልን። በዚያ ቤት ደንብ ለእንግዳ ወተት አፍልቶ መስጠት ላሟን መጠርጠር ነው፤ አልጠጣም ማለት ደግሞ ባለቤቶቹን መጠርጠር ነው። እኔ ደግሞ ደንብ አክባሪ እንግዳ ነኝ፤ ጮጮውን ገለበጥኩት። ጫልቱን ያን ቀን ሆዷን አሟት ስለነበር አልጠጣችም። በጣም ጣፋጭ ስለነበር አዘንኩላት።

አንድ ወር ገደማ አለፈ። የስንዴ አጨዳ ሰሞን ነበር፤ ባለ ኮምባይነሮች የተሰበረ ብረት ይዘው ብየዳ ቤቴ በር ላይ የሚሰለፉበት ጊዜ። ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ብርድ ብርድ ይለኝ ጀመር። ፊቴ ላይ እሳት እያለ ጥርሴ ይንቀጫቀጫል። ሲመሽ ላብ ያጠምቀኛል፤ ጫልቱ አንሶላ እየቀየረች ታድራለች። ጠዋት ደግሞ ደህና ሆኜ እነሣለሁ። ደህና የሆነ ሰው ሐኪም ቤት አይሄድም። አንድ ሳምንት ይለቀኝና በሚቀጥለው ይመለሳል። ቀስ በቀስ ጉልበቴ፣ ትከሻዬ፣ ከሁሉም በላይ ወገቤ ያመኝ ጀመር፤ ምግብም አስጠላኝ።

መጀመሪያ «ምች ነው» ተባለና ጫልቱ ዳማከሴ አሸችልኝ። ከዚያ አንድ ክሊኒክ ሄድኩ፤ ደም ሰጠሁ፤ «ታይፎይድና ታይፈስ» አሉኝ። እኛ አገር ሁለቱ እንደ ባልና ሚስት ናቸው፤ አንዱ ብቻውን አይመጣም። ክኒኑን ዋጥኩ፤ ሻል አለኝ፤ ተመለሰ። ሁለተኛው ክሊኒክ ስለ ወገቤ ሲሰማ «ኩላሊት ነው» አለ። ሦስተኛው «ቁርጥማት» ብሎ መርፌ ወጋኝ። ባለሙያዎቹን ለመክሰስ አይደለም ይህን የምናገረው። የጎሮውን ወተት አልነገርኳቸውም፤ እነሱም አልጠየቁኝም። ወተት የሚነገር ነገር ነው ብዬ እንዴት ላስብ?

በዚያ መካከል ጠያቂው በዛ። የቤተ ክርስቲያን ወገኖች መጥተው ይጸልያሉ፤ ይዘምራሉ፤ እግዚአብሔር ይስጣቸው። ግን እያንዳንዱ ሲወጣ አንድ ትምህርት ትቶልኝ ይሄዳል። አንዱ «ጌታ ሊያሳርፍህ ፈልጎ ነው፤ ሥራ አብዝተሃል» ይላል። ሌላው «የተደበቀ ነገር ካለ ፈትሽ» ይላል። ስለ ኢዮብ ያልነገረኝ ሰው የለም። አልጋ ላይ ተኝቼ ስሰማ፣ ይህን ሁሉ ያስተማርኳቸው እኔ ራሴ መሆኔ ይታሰበኝ ነበር። የታመመን ሰው ስጠይቅ እኔም እንደዚሁ ነበርኩ፤ ሰውየው ሕመሙን ነግሮኝ ሳይጨርስ ትርጉሙን እነግረው ነበር።

ትምህርት ሳይዙ የመጡት ኦቦ ከድር ብቻ ናቸው። ኦቦ ከድር ከብየዳ ቤቴ አጠገብ ጎሚስታ አላቸው፤ ሃያ ዓመት ጎረቤታሞች ነን። ገብተው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

«አካም ጅርታ ደረጀ? ፈያ?»

«እንደምታዩኝ ነኝ፣ ኦቦ።»

«አብሽር፤ አላህ አፊያህን ይመልስልህ» አሉ። «እኔ ጎማ ሲተነፍስ ውሃ ውስጥ ነክሬ ነው ቀዳዳውን የማየው። ሳላይ አልለጥፍም። አንተን ሦስት ቦታ ሳያዩ ነው የለጠፉህ። ነገ ጎባ እንሄዳለን።»

በማግሥቱ ሱቃቸውን ዘግተው፣ ደግፈው ሚኒባስ ውስጥ አስገቡኝና ጎባ ሄድን። ጎባ ከሮቤ ሩቅ አይደለም፤ ያን ቀን ግን መንገዱ ላይ ያለው ጉድጓድ ሁሉ ወገቤ ውስጥ ያለ መሰለኝ። የሆስፒታሉ መጠበቂያ ሙሉ ነበር። ከተራራው የሚወርደው ብርድ በበሩ እየገባ እግር ይቆረጥማል። ወንበሩ ላይ እንደተቀመጥኩ ያ መንቀጥቀጥ ጀመረኝ። አጠገቤ እጃቸው ያበጠ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ነበሩ፤ ከአጋርፋ በኩል እንደመጡ ከኦቦ ከድር ጋር በኦሮምኛ ሲያወሩ ሰምቻለሁ። ምንም ሳይሉ ባልታመመው እጃቸው ጋቢያቸውን አውልቀው ትከሻዬ ላይ ጣሉት። ተራዬ ሲደርስ ልመልስላቸው ብል «ይዘኸው ግባ፤ ስትወጣ ትሰጠኛለህ» አሉኝ። ስወጣ ግን ተራቸው ደርሶ ገብተው ነበር። ጋቢውን ለተረኛዋ ነርስ አደራ ሰጥቼ ተመለስኩ። ስማቸውን እንኳን አልጠየቅኋቸውም።

ሐኪሟ ወጣት ናት። ወረቀቶቼን ሁሉ አየች፤ ከዚያ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«ከብት አለዎት?»

«የለኝም። በያጅ ነኝ።»

«ወተትስ ሳይፈላ ይጠጣሉ?»

ሳቅሁ። «ዶክተር፣ ባሌ ውስጥ ይህ ይጠየቃል?»

እሷ አልሳቀችም። «የጠጡበት ቤት ከብት ጨንግፎ ያውቃል?»

ያኔ የገመቹ ሁለት ላሞች ትዝ አሉኝ። ደም ተመርምሮ ውጤቱ ሲመጣ ብሩሴሎሲስ ነው አለችኝ። ከከብት ወደ ሰው የሚተላለፍ በሽታ ነው፤ ላሟን ያስጨነግፋታል፤ ሰው ውስጥ ደግሞ ባልፈላ ወተት በኩል ገብቶ እንዲህ እየመጣ እየሄደ ያስተኩሳል፤ መገጣጠሚያና አጥንት ውስጥም ይደበቃል። መድኃኒቱ ሁለት ዓይነት ነው አለች፤ መርፌው ለሦስት ሳምንት፣ ክኒኑ ለስድስት ሳምንት።

«በሁለት ሳምንት ውስጥ ይሻልዎታል» አለችኝ። «ከባዱ ነገር እሱ ነው። ቢሻልዎትም ስድስት ሳምንት። ካቋረጡት አጥንት ውስጥ ገብቶ ይተኛና ሲነሣ ብሶ ይነሣል።»

እንዳለችውም በሁለተኛው ሳምንት ትኩሳቱ ጠፋ። እንጀራ ጣመኝ። መርፌውን ሮቤ ጤና ጣቢያ እየተወጋሁ ሦስተኛውን ሳምንት ጀመርኩ። በዚያ ሳምንት ረቡዕ የቤት ኅብረታችን እኛ ቤት ተሰብስቦ እጅ ጭነው ጸለዩልኝ። መልካም ጸሎት ነበር፤ ልቤ ተነካ። እሑድ ፓስተራችን ከመድረክ አይተውኝ «ወንድም ደረጀ ቆሞ እያየነው ነው፤ መጥቶ ይመስክር» አሉ።

ወጣሁ። ስለ ታይፎይዱ፣ ስለ ኩላሊቱ፣ ስለ ቁርጥማቱ ተናገርኩ። ከዚያ ቀጥታ ወደ ረቡዕ ገባሁ። ምስክርነት የሚጥመው አጭር ሲሆን ነው፤ እኔም ጎባን እንደ ትርፍ ብረት ቆርጬ ጣልኩት። «ሐኪም ሦስት ጊዜ ያልቻለውን ጌታ በአንድ ረቡዕ ጨረሰው» አልኩ። ቤቱ በእልልታ ተናጋ። ከፊት ወንበር አዴ ብርቄ ተነሥተው ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ሲያለቅሱ አየኋቸው። አዴ ብርቄ ባላቸው የሞተባቸው፣ ገበያ ውስጥ ሽንኩርት የሚቸረችሩ እናት ናቸው።

ውሸት የተናገርኩ አልመሰለኝም። ጌታ እንደሚፈውስ አምናለሁ፤ ዛሬም አምናለሁ። አንዲት ነገር ብቻ ነው የተውኩት። ያን ዕለት ማታ ግን ክኒኑን እጄ ላይ አድርጌ ቆምኩ። አሁን ብውጠው ጠዋት የተናገርኩት ምን ሊሆን ነው አልኩ። እውነቱን ለመናገር ክኒኑ ያቅለሸልሸኝ ነበር፤ ከእምነቴ ይልቅ ሆዴን ነው የታዘዝኩት። መርፌዎቹን ልጨርስ ሁለት ቀን ቀርቶኝ ነበር፤ እነሱን ጨረስኩ፤ ክኒኑን መሳቢያ ውስጥ ዘጋሁበት።

«ዶክተሯ ስድስት ሳምንት ብላለች» አለች ጫልቱ።

«እምነትሽ የት አለ?» አልኳት።

ለሃያ ሁለት ዓመት አብራኝ የኖረችና ሌሊቱን ሙሉ አንሶላ ስትቀይርልኝ ለከረመች ሴት ይህን መናገሬ ዛሬም ያሳፍረኛል። ጫልቱ ዝም አለች። እሷ ዝም ስትል ደግሞ ነገሩ አልተዘጋም ማለት ነው።

አንድ ወር ጤነኛ ሆንኩ። ከዚያ አንድ ቀን ከባድ የግቢ በር ልንጭን ጎንበስ ስል ወገቤ እንደተሰበረ ሆነ። ከሰዓት በኋላ ብርዱ መጣ። አውቄዋለሁ፤ እንደ ድሮ ጎረቤት ነው፤ ሳያንኳኳ ነው የሚገባው። ለደንበኞቼ «ብርድ መታኝ» አልኳቸው። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከኋላ መቀመጥ ጀመርኩ፤ ሰው ሲቆም ወንበር ይዤ እቆማለሁ። «እንዴት ነህ ወንድም ደረጀ?» ሲሉኝ «ጌታ ይመስገን» እላለሁ። ለመመስገኑ ይመሰገናል፤ ያልጠየቁኝን ነበር የምመልስላቸው።

ፍርሃቴ ምን እንደነበር በግልጽ ልናገር። ሕመሙን አልነበረም የምፈራው። ታምሜአለሁ ብል ያ ሁሉ እልልታ የት ይገባል? ወጣቶቹ ምን ይሉኛል? ጌታ ያፍራል ብዬ አሰብኩ። ይህን ሁሉ አንድ ማታ ለጫልቱ ስነግራት ከአንድ ወር በላይ የያዘችውን አወጣችው።

«ጌታ አንተን ጠበቃ አቁሟል?» አለችኝ። «እሱ የሚያፍረው አንተ ስትታመም ነው? ንዕማን ሰባት ጊዜ ነው ዮርዳኖስ የጠለቀው። አንተ በሦስተኛው ወጥተህ እልል አስባልክ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ።»

እንዲህ ያለ ስብከት በሕይወቴ ሰብኬ አላውቅም። እሷ ግን አልጨረሰችም ነበር።

«ሌላም አለ» አለች፤ ድምፅዋ ዝቅ አለ። «ዛሬ አዴ ብርቄን ልጠይቅ ሄጄ ነበር። ሳሉ ተመልሶባቸዋል። ያን የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ትተውታል። አምስት ሳምንት ሆኗቸዋል። ለምን ብላቸው ‹ደረጀን በአንድ ረቡዕ የፈወሰ ለእኔ ምን ያንሰዋል› አሉኝ።»

የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ስድስት ወር የሚወሰድ ነው፤ አዴ ብርቄ ሁለተኛ ወራቸው ላይ እንደነበሩ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። እኔ ክኒኔን ስተው ሁለት ሰው መተዉን አላወቅሁም። መጀመሪያ ያልኩት ነገር ግን አሁንም የሚያሳፍር ነው፤ «አንቺ ንገሪያቸው» አልኳት።

«እኔ አልመሰከርኩም» አለች።

በማግሥቱ ጫልቱ ራሷ ጎባ ወሰደችኝ። ወጣቷ ሐኪም አወቀችኝ። ትቆጣኛለች ብዬ አንገቴን ደፍቼ ነበር፤ አልተቆጣችም። ወገቤን ራጅ አስነሣችኝና ፊልሙን መስኮቱ ላይ ይዛ አሳየችኝ፤ ሁለት የአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያለውን በሽታው በልቶታል። «ትንሽ ቢቆዩ እግርዎን ያጡ ነበር» አለችኝ። አሁን መድኃኒቱ ስድስት ሳምንት ሳይሆን ከሦስት ወር በላይ ነው፤ ከዚያም ወራት እየቆጠረች ልትመረምረኝ ነው። ስወጣ ወረቀቱን እየሰጠችኝ «ብዙ ሰው ሲሻለው ያቋርጣል፤ እርስዎ ብቻ አይደሉም» አለችኝ። ያቺ አንዲት ዓረፍተ ነገር ቀና ብዬ እንድራመድ አደረገችኝ።

አርብ ፓስተራችን ጋ ሄጄ ሁሉንም ነገርኳቸው። ከዚያ «ምን እንደምትናገር ሳልጠይቅህ ነው መድረክ የሰጠሁህ፤ እኔም አለሁበት» አሉ። መጀመሪያ አዴ ብርቄን በግል አናግራቸው አሉኝ። ደስ አለኝ። በግል ማለት ያለ እልልታ፣ ያለ ሕዝብ ማለት ነው።

አዴ ብርቄ ቤታቸው ደጃፍ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ነበር። ከስተዋል። በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ይዘው ይስላሉ። ከዘራ ይዤ ሲያዩኝ «ምነው ልጄ?» አሉ። ነገርኳቸው። ታምሜ እንደተመለሰብኝ፣ ያን ጊዜም የተሻለኝ መድኃኒት እየወሰድኩ እንደነበር፣ ሳልጨርስ እንደተውኩት ነገርኳቸው። መድኃኒትዎን ይቀጥሉ ብዬ ለመንኳቸው።

ራሳቸውን ነቀነቁ። «ይህ ፈተና ነው። የተቀበልከውን ሊነጥቅህ ነው ጠላት የመጣው። በምስክርነትህ ጽና እንጂ እዚህ መጥተህ አትካድ።»

«አዴ፣ ፈተና አይደለም። የተውኩት ነገር አለ፤ አልተናገርኩም እንጂ።»

«እኔ የማምነው ጉባኤ ፊት ያልከውን ነው» አሉኝ። «ጓዳ ውስጥ የሚወራውማ ሐሜት ነው።»

ከዚያ ጸለዩልኝ። ሳል እያቋረጣቸው፣ ወገቤ ላይ እጃቸውን አድርገው፣ ስለ እኔ ጸለዩ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ጸሎት ከብዶኝ አያውቅም። እኔ የሰበርኳቸው እሳቸው፣ እኔን ሊጠግኑ ይጸልያሉ። ወደ ቤቴ ስመለስ የገባኝ ነገር አንድ ብቻ ነበር፦ ሕዝብ ፊት የተናገርኩት ሕዝብ ፊት ካልተስተካከለ እኚህ እናት ይሞታሉ።

እሑድ ፓስተራችን መድረኩን ሰጡኝ። ክኒኑን በላስቲክ ይዤ፣ ከዘራዬን ተደግፌ ወጣሁ። ያዘጋጀሁት ሦስት ነጥብ ነበር፤ ቆሜ ስታይ ሁሉም ጠፋብኝ። «ሳልድን ድኛለሁ አልኳችሁ» አልኩ። «ስትጸልዩልኝ ጎባ የታዘዘልኝን መድኃኒት ሁለት ሳምንት ወስጄ ነበር። ይህን ሳልነግራችሁ ቀረሁ፤ ታሪኬ እንዲያምር ብዬ ነው። ከዚያ መድኃኒቱን ተውኩት፤ በሽታው ተመለሰ። ጌታ ለጸሎታችሁ አልመለሰም አልልም። የመለሰው በዚህ ላስቲክ ውስጥ ነበር፤ እኔ መሳቢያ ውስጥ ዘጋሁበት። መድኃኒት ያቋረጠ ሰው እዚህ ካለ፣ በእኔ ምክንያት ከሆነ፣ ስለ እግዚአብሔር ብላችሁ ነገ ተመለሱ።»

እልልታ የለም። አሜንም የለም። አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። አዴ ብርቄ ፊታቸውን ወደ መሬት አድርገው ተቀምጠው ነበር። ጉባኤው ሲበተን አንድ ወንድም እጄን ይዞ «ለምን እንዲህ ጌታን ታሳፍረዋለህ?» አለኝ፤ ከልቡ ነው ያዘነው። «የቱ ይበልጥ እንዳሳፈረው እሱ ያውቃል» አልኩት። አዴ ብርቄን ፈለግኋቸው፤ ሳይሰናበቱኝ ሄደዋል።

ሰኞ ማለዳ ጫልቱና እኔ ቤታቸው ሄድን። በሩ ዝግ ነበር። አንኳኳን። አዴ ብርቄ ጫማቸውን አድርገው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ። ፊቴን አላዩም፤ ጫልቱን ነው ያናገሩት።

«አምስት ሳምንት ጠፍቼ ስሄድ ይቆጡኛል?»

«እኔን አልተቆጡኝም» አልኳቸው።

«አንተን ማን ይቆጣሃል፤ ወንድ ነህ» አሉና መንገድ ጀመሩ። ባጃጅ ይዘን ጤና ጣቢያ ሄድን። ነርሷ አልተቆጣቻቸውም፤ አክታቸው ተመርምሮ ግን እንደ አዲስ፣ ከመጀመሪያው ቀን እንዲጀምሩ ተወሰነ። የወሰዱት ሁለት ወር ከቁጥር አልገባም። ይህን ሲሰሙ የጫልቱን ክንድ ያዙ። መድኃኒቱን በዚያ ነርሷ እያየች ነው የሚውጡት። ዋጡ፤ ውሃ ጠጡ፤ ብርጭቆውን ለእኔ አቀበሉኝ።

«ያንተስ?»

ከኪሴ አውጥቼ ፊታቸው ዋጥኩ። እስኪወርድልኝ ድረስ አዩኝ።

«ይቅር ብዬሃለሁ፣ ልጄ» አሉ። «ግን ሁለተኛ ሳትጨርስ አታውራ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ መድኃኒቴን እስክጨርስ ድረስ ጠዋት ጠዋት ጤና ጣቢያው በር ላይ እየተገናኘን አብረን ዋጥን። እኔ የግድ እዚያ መሄድ አልነበረብኝም፤ እሳቸው ግን የኔን ማየት ይፈልጉ ነበር። አንዳንድ ቀን ያቅለሸልሻቸዋል፤ አንዳንድ ቀን ዝናብ ይይዘናል። በእነዚያ ጠዋቶች ምንም ትምህርት አላወጣሁም። ተቀምጠን ስለ ሽንኩርት ገበያ እናወራ ነበር። ገመቹም ላሞቹን ለከብት ሐኪም አሳይቷል፤ ሚስቱ አሁን ወተት ታፈላለች። ለእንግዳ ስታቀርብ ግን ዛሬም ይቅርታ እየጠየቀች ነው።

ይህን የምታነቡ፣ መሳቢያችሁ ውስጥ የተረፈ ክኒን ያላችሁ ካላችሁ፣ እኔ ልለምናችሁ፤ እሱን ለመጨረስ እምነት ያስፈልጋል። ሲያምማችሁ መዋጥ ቀላል ነው። ደህና ሆናችሁ፣ ማንም ሳያጨበጭብላችሁ፣ በአርባኛው ቀን መዋጥ ነው እምነት የሚጠይቀው።

አዴ ብርቄ ስድስቱን ወር ጨረሱ። የጨረሱበት እሑድ ፓስተራችን መጥተው እንዲመሰክሩ ጠየቋቸው፤ አሁን ፓስተራችን ምን እንደሚነገር አስቀድመው ይጠይቃሉ። አዴ ብርቄ መድረክ ላይ አልወጡም፤ ወንበራቸው አጠገብ ቆሙ። «እኔ ብዙ አልናገርም» አሉ። «ጌታ በየማለዳው አነቃኝ። ሄድኩ፤ ዋጥኩ። ትናንት ነጻ ነሽ ተባልኩ።» ተቀመጡ። ሕዝቡ ለአፍታ ግራ ገባው፤ ከዚያ እልልታው ሲመጣ ከቀድሞው የኔ ይበልጥ ነበር። ጫልቱ ታለቅስ ነበር። እኔም ፊቴን መጥረግ አቃተኝ።

ፓስተራችን ወደ እኔ ተመለከቱ። «ወንድም ደረጀስ?» አሉ። መድኃኒቴን ከጨረስኩ ወራት ሆኖኛል፤ ወገቤ ቀንቷል፤ ከዘራውን ትቻለሁ። ሕዝቡ ሁሉ ዞሮ አየኝ።

ተነሣሁ። «የመጨረሻው ምርመራዬ ሐሙስ ነው» አልኩና ተቀመጥኩ።